ሆድ ከመሰፋቱ በፊት፤ ከማኅፀን ቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚገኘው የሽንት ቧንቧ ጉዳት ታሪክ

ከጌታችን ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮማ ከተማ ይኖር የነበረው፥ ትውልዱ ከጴርጋሞን የሆነው ታላቁ ሐኪም ጋሌኖስ፥ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው በሁለቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች መሆኑን የሚክዱ የዘመኑ ሊቃውንት በክርክር ባስቸገሩት ጊዜ፥ ነገሩን በዐይን ሊያሳያቸው ፈለገና በሕይወት ያለ እንስሳ ሆድ ከፍቶ ሁለቱን ቧንቧዎች በክር አሰራቸው። ከክሩ በላይ ያለው የቧንቧዎቹ ክፍል በሽንት ተወጥሮ ሊፈነዳ ሲደርስ ፊኛው ግን ባዶውን ቀረ፤ ክሩን በፈታ ጊዜም ፊኛው ሞላ። ቀጥሎ ቧንቧዎቹን በስለት ቈርጦ የእንስሳውን ሆድ ከውጭ በጨርቅ ጠቀለለው፤ ጥቂት ቈይቶም ቢገልጠው፥ ሽንቱ በአንጀቶቹ መካከል ፈስሶ ሆዱን ሞልቶት አገኘ። ጋሌኖስ ይህን ያደረገው የተፈጥሮን ሥርዐት ለማስረዳት ነበረ፤ ነገር ግን ከእርሱ ዘመን ከ1,600 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ የሰው ልጅ የሴትን ማኅፀን በቀዶ ጥገና ማውጣት በጀመረ ጊዜ፥ እርሱ ዐውቆ በእንስሳ ላይ ያደረገውን ማሰሩንም መቍረጡንም ሐኪሞች ሳያውቁት በሴቶች ላይ ያደርጉት ጀመር።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፥ በሕክምና ጥበብ ታሪክ ውስጥ የሰው እጅ ያጐደለውን የሰው እጅ መልሶ ለማቅናት የደከመው ድካም እንደዚህ ጐልቶ የሚታይበት ምዕራፍ ጥቂት መሆኑ ነው። ሴቲቱን ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳት፥ ቧንቧው በተጐዳበት ሰዓትና ጉዳቱ በታወቀበት ሰዓት መካከል ያለው ዘመን መርዘሙ እንደ ሆነ ሐኪሞች ያስተዋሉት ብዙ ኩላሊት ከጠፋና ብዙ ሴት ከተሠቃየች በኋላ ነው፤ ስለዚህም የሚከተለው ትረካ የመስፋት ጥበብ ታሪክ የሆነውን ያህል የማየትና የመመርመር ታሪክም ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የነገሩ ሥር ከአካላችን አሠራር የሚመነጭ ነው። ከእያንዳንዱ ኩላሊት የሚወጣው የሽንት ቧንቧ፥ ሐኪሞች ዩሬተር የሚሉት፥ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ከሆድ ዕቃ በስተኋላ በስስ ሽፋን ተጋርዶ ወደ ዳሌ ውስጥ ይወርዳል። በዳሌው አፋፍ ላይ ወደ እግር የሚሄዱትን ታላላቅ የደም ሥሮች ተሻግሮ፥ የእንቍላል ዕጢን የሚመግቡትንም የደም ሥሮች ተጠግቶ ያልፍና፥ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ከማኅፀን አንገት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፥ ማኅፀንን በሚመግበው ደም ቅዳ ሥር፥ ወንዝ በድልድይ ሥር እንደሚያልፍ አልፎ ወደ ፊኛ ይገባል። ማኅፀንን የሚያወጣ ሐኪም ደግሞ ያንን ደም ቅዳ ሳያስርና ሳይቈርጥ ሥራውን ሊፈጽም አይችልም፤ ደም ቅዳው ከእጁ አምልጦ ደም በፈነጠቀ ጊዜም፥ ነፍስ ለማዳን እየተጣደፈ በደም በተሸፈነው ቦታ ላይ መቈንጠጫውን ጠለቅ አድርጎ ሲያሳርፍ፥ ከደም ሥሩ ጋር ቧንቧውንም አብሮ ሊይዘው ይችላል። ቧንቧው ነጣ ያለ ስለ ሆነ ላልለመደ ዐይን የደም ሥር ይመስላል፤ የሚለየውም በመሣሪያ ጫፍ ቀስ ተደርጎ በተነካ ጊዜ ከላይ ወደ ታች እየተኰማተረ በመንቀሳቀሱ ነው።

ጉዳቱ በብዙ መንገድ ይመጣል፤ ቧንቧው በክር ይታሰራል፥ በመቀስ ይቈረጣል፥ በመቈንጠጫ ይደቅቃል፥ በአጠገቡ በገባ ስፌት ተስቦ ይታጠፋል፥ በዘመናችንም የደም ሥርን ለመተኰስ በሚያገለግለው በኤሌክትሪክ ሙቀት ይቃጠላል፤ ወይም የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተገፍፈውበት ከቀናት በኋላ ይበሰብሳል። ምልክቱም እንደ አመጣጡ ይለያያል። ሁለቱም ቧንቧዎች የታሰሩባት ሴት ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንዲት ጠብታ ሽንት ስለማይወጣት ነገሩ ፈጥኖ ይታወቃል። አንዱ ብቻ የታሰረባት ግን ሌላው ኩላሊት ስለሚሠራላት ሽንቷ አይቋረጥም፤ ጐኗን ይወጋታል፥ ትኵሳት ይይዛታል፤ አንዳንዷም ምንም ሳይሰማት ኩላሊቷ ውስጥ ውስጡን ይሞታል። ቧንቧዋ የተቈረጠባት ወይም የበሰበሰባት ሆዷ ይነፋል፥ ያስመልሳታል፤ ከጥቂት ቀናት ወይም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላም ሽንቱ መውጫ ፈልጎ በቍስሏ ወይም በብልቷ በኩል ሌሊትና ቀን ይፈስሳታል። ይህ የመጨረሻው የዩሬተር ፊስቱላ ይባላል።

ማኅፀንን ማውጣት ያስፈለገበትን ምክንያት ለመረዳት፥ ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችውንና ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች የጨረሰችውን፥ በቅዱስ ወንጌል የተጻፈላትን ሴት ማሰብ ይበቃል፤ እንደ እርስዋ ያሉ ሴቶች በየዘመኑና በየአገሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን ያሠቃያቸው የማኅፀን እባጭና የማኅፀን አንገት ነቀርሳ ነበረ። በ1813 በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ ኮንራድ ላንገንቤክ የተባለው ሐኪም አንዲትን ሴት ማኅፀኗን በብልቷ በኩል አውጥቶ አዳናት፤ የሙያ ጓደኞቹ ግን ወሬውን ሊያምኑ ስላልፈቀዱ፥ እውነቱ የተረጋገጠው ሴቲቱ 26 ዓመት ኖራ በሞተች ጊዜ አስከሬኗ ተመርምሮ ነው። በ1843 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ቻርልስ ክሌይ፥ በ1853 ደግሞ በአሜሪካ በሎውል ከተማ ዋልተር በርንሃም ሆድን ከፍተው ማኅፀንን አወጡ፤ የክሌይ ታካሚ ስትሞት የበርንሃም ታካሚ ዳነች። በእነዚህ ዓመታት መካከል በ1846 በቦስተን የኤተር፥ በ1847 በኤዲንብራ የክሎሮፎርም ማደንዘዣ ታወቀ፤ በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቍስልን ከሚያመረቅዝ ነገር መጠበቂያውን ዘዴ አስተማረ። እነዚህ ሁለት ስጦታዎች፥ ይኸውም ሕመምን ማደንዘዝና ቍስልን በንጽሕና መጠበቅ፥ ለሐኪሙ ወደ ዳሌ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራበትን ጊዜና ድፍረት ሰጡት፤ ድፍረቱ ግን ከዕውቀቱ ቀድሞ ስለ ሄደ፥ የቧንቧው ጉዳት ከቀዶ ጥገናው ጋር አብሮ በዛ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ በጀርመን አገር የ46 ዓመት ሴት ነበረች። ከእንቍላል ዕጢዋ የበቀለውን ትልቅ እባጭ ከማኅፀኗ ጋር ባወጡላት ጊዜ በአንድ ወገን ያለው የሽንት ቧንቧዋ ስለ ተጐዳ፥ የዚያ ኩላሊት ሽንት በሆዷ ጠባሳና በብልቷ በኩል ይፈስሳት ጀመር። ይህች ሴት መከራዋን ይዛ ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ፕሮፌሰር ጉስታቭ ሲሞን ዘንድ መጣች። ሲሞን በ1824 በዳርምሽታት የተወለደ፥ በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረ፥ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የፊኛ ፊስቱላን መስፋት የተማረና በዚያ ሙያ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የፊኛ ቀዳዳ ፊስቱላ መዘጋት ጀምሮ ነበር፤ አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ በአላባማ አገር ከ1845 እስከ 1849 ድረስ በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ፥ እሺም እምቢም ለማለት ሥልጣን በሌላቸው ላይ፥ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዶ ቀዳዳውን በብር ክር መዝጋት ችሎ ነበርና። የዩሬተር ፊስቱላ ግን በዚህ ጥበብ አልሸነፍ አለ፤ ቀዳዳውን ቢሰፉት ሽንቱ የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ስፌቱን ያፈርሰዋል። ሲሞንም በዚያች ሴት ላይ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም።

በዚህ ጊዜ የቀረው አሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ምንጩን ማድረቅ፥ ይኸውም ኩላሊቱን ማውጣት። ነገር ግን ሰው በአንድ ኩላሊት በሕይወት ለመኖር መቻሉን በርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም፤ ዐውቆና አስቦ የሰውን ኩላሊት ያወጣና ታካሚው የዳነለት ሐኪምም ከዚያ በፊት አልነበረም። ሲሞን የሴቲቱን ሕይወት በግምት ላይ ሊጥል ስላልወደደ፥ አስቀድሞ የውሾችን አንድ አንድ ኩላሊት እያወጣ የቀረው ኩላሊት ሥራውን ሁሉ ሲሸከም ተመለከተ፤ በአስከሬንም ላይ በወገብ በኩል ገብቶ ኩላሊትን የማውጣቱን መንገድ እጁ እስኪለምደው ድረስ ተለማመደ። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ ኦገስት 2 ቀን 1869 ሴቲቱን በክሎሮፎርም አስተኝቶ ኩላሊቷን በወገቧ በኩል አወጣው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በብርቱ ታማ ነበረ፤ ሆኖም ዳነች፤ ሽንቱም መፍሰሱን ተወ። በአንድ ኩላሊትም ለብዙ ዓመታት ኖረች።

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቀን የኩላሊት ቀዶ ጥገና የተወለደበት ቀን አድርገው ያከብሩታል፤ ማክበራቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ነገሩን ከሴቲቱ ወገን ሆኖ ለሚያየው ሌላም ትምህርት አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ በተጐዳበት ሰዓት ስላልታየ፥ ወይም ቢታይም የሚጠግነው ስላልነበረ፥ አንድ ሙሉ ኩላሊት ዋጋ ሆኖ ተከፈለ። ሲሞን በ1876 ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሐኪሞች ኩላሊቱን ሳያጠፉ ቧንቧውን ራሱን ማቅናት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ጀመሩ።

መልሱ የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በ1893 በቺካጎ ዌለር ቫን ሁክ የተቈረጠውን ቧንቧ መልሶ የሚያገናኝበትን ዘዴ አሳተመ፤ ይህም የታችኛውን ቍራጭ አፍ ዘግቶ፥ ጐኑን ሰንጥቆ፥ የላይኛውን ቍራጭ ጫፍ በስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ መስፋት ነው። ጉዳቱ ለፊኛ የቀረበ ሲሆን ግን ሁለቱን ቍራጮች ከማገናኘት ይልቅ የላይኛውን ጫፍ በፊኛው ግድግዳ ላይ በተከፈተ አዲስ በር ማስገባቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ማኅፀን ሲወጣ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ክፍል ስለ ሆነ፥ ይህ ቧንቧን በፊኛ ላይ እንደ ገና የመትከል ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ዋነኛው ሕክምና ሆኖ ይኖራል። ቧንቧው አጥሮ ፊኛውን አልደርስ ባለ ጊዜስ ምን ይደረግ? ለዚህ ኢጣልያዊው አኪሌ ቦአሪ በ1894 በውሾች ላይ ፈትኖ ያሳየው ጥበብ መልስ ሆነ፤ ከፊኛው ግድግዳ አንድ ቍራጭ ሥጋ ከሥሩ ሳይለይ ቀዶ፥ ወደ ላይ አንሥቶና ጠቅልሎ ቱቦ በማድረግ፥ የጐደለውን ርዝመት ሞላበት። በኋላም ፊኛውን ራሱን ወደ ላይ ስቦ ከወገብ ጡንቻ ጋር በመስፋት ቧንቧው ሳይወጠር እንዲደርስ ማድረግ ተለመደ። ስፌት በውጥረት ላይ ከዋለ አይያዝም፤ ይህን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል።

የመጠገኛው ጥበብ በዚህ ሁኔታ ሲዳብር፥ የማየቱ ጥበብ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር። ጀርመናዊው ማክስ ኒትሴ በ1877 በድሬስደን፥ በ1879 ደግሞ በቪየና ሲስቶስኮፕ የተባለውን የፊኛ መመልከቻ ለሐኪሞች አሳየ፤ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ያለው የፕላቲን ሽቦ በኤሌክትሪክ ግሎ ብርሃን ሲሰጥ፥ ሙቀቱ ፊኛውን እንዳያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ በዙሪያው ይዘዋወር ነበር፤ ኋላም ትንሽ የኤሌክትሪክ አምፖል ያንን ሽቦ ተካው። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሃዋርድ ኬሊ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ አገኘ፤ ታካሚዋ በጕልበቷና በደረቷ ተደፍታ በምትሆንበት ጊዜ ፊኛዋ በአየር እንደሚሞላ ተገንዝቦ፥ አንድ ቀጥ ያለ ባዶ ቱቦ አስገብቶ በግንባሩ ላይ ባሰረው መስታወት ብርሃን እያንጸባረቀ የሁለቱን ቧንቧዎች አፍ በዐይኑ አየ፥ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦም አስገባባቸው። ከዚህም በኋላ በእርሱ ዘንድ ለነቀርሳ የሚደረግ ከባድ ቀዶ ጥገና ሲኖር አስቀድሞ በሁለቱ ቧንቧዎች ውስጥ ካቴተር ማስገባት ተጀመረ፤ ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ቧንቧው የት እንዳለ በጣቱ ዳስሶ እንዲያውቅ ነው።

ከሲሞን ቀዶ ጥገና 34 ዓመት በኋላ፥ በዚያችው በሃይድልበርግ፥ ፍሪትስ ፎልከርና ኦይገን ዮሴፍ የተባሉ ሐኪሞች በ1903 እጅግ ቀላልና እጅግ ጠቃሚ የሆነ ነገር አስታወቁ። ኢንዲጎ ካርሚን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለሰው በመርፌ ሲሰጡት ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በሲስቶስኮፕ ወደ ፊኛ ውስጥ ቢመለከት፥ ከእያንዳንዱ ቧንቧ አፍ ሰማያዊ ሽንት እየቈየ ሲረጭ ያያል። የሁለቱም ወገን ከረጨ መንገዱ ክፍት ነው፤ አንዱ ከደረቀ በዚያ ወገን የተዘጋ ነገር አለ። ይህ ምርመራ መጀመሪያ የታሰበው የኩላሊትን ሥራ ለመመዘን ቢሆንም፥ ማኅፀን ካወጡ በኋላ ገና ሴቲቱ ከማደንዘዣው ሳትነቃ ቧንቧዎቹ ደኅና መሆናቸውን ማረጋገጫ ሆኖ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ጉዳት ቢኖርም ሰማያዊው ሽንት በሆድ ውስጥ ሲንጠባጠብ ቀዳዳውን ራሱ ያመለክታል።

በዚሁ ዘመን በቪየና ኧርንስት ቬርትሃይም የማኅፀን አንገት ነቀርሳን ከሥሩ ለመንቀል ኖቬምበር 16 ቀን 1898 ያንን በስሙ የሚጠራውን ሰፊ ቀዶ ጥገና ጀመረ፤ በ1911ም የ500 ታካሚዎችን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች ቧንቧውን ፈርተው ከሩቅ ሊሸሹት ሲሞክሩ፥ እርሱ ግን ሽፋኑን ከፍቶ፥ ቧንቧውን በዐይኑ አግኝቶ፥ እስከ ፊኛ ድረስ ተከትሎ ከነቀርሳው መለየትን የሥራው መሠረት አደረገው፤ የማይታይ ነገር ሊጠበቅ አይችልምና። ይሁን እንጂ ከዚህም አዲስ ችግር ተወለደ፤ ቧንቧው ሳይቈረጥና ሳይታሰር ቀርቶ፥ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ይበሰብስ ነበር። በባልቲሞር ጆን ሳምፕሰን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቧንቧውን የሚመግቡትን የደም ሥሮች አጥንቶ ምክንያቱን ገለጠ፤ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች በቧንቧው ላይ በተጠቀለለው ስስ ሽፋን ውስጥ ስለሚሄዱ፥ ያን ሽፋን የገፈፈ ሐኪም ቧንቧውን በረኃብ ይገድለዋል። ከዚህ በኋላ ቧንቧን ማየት እንጂ ማራቆት እንደማይገባ ሕግ ሆነ።

ሴቲቱ ከአልጋ ተነሥታ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ለሚጠረጠረው ጉዳት ደግሞ በ1895 የተገኘው የራጅ ብርሃን መፍትሔ አመጣ። በ1906 እንደ ገና በሃይድልበርግ ፎልከርና አሌክሳንደር ፎን ሊሽተንበርግ በካቴተር በኩል ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ ወደ ቧንቧው አስገብተው ፎቶግራፉን አነሡ፤ በ1929ም ሞሰስ ስዊክ የተባለው ወጣት አሜሪካዊ በበርሊን በፎን ሊሽተንበርግ ክፍል ሲሠራ፥ በደም ሥር ተሰጥቶ በኩላሊት የሚወጣ መድኃኒት ለራጅ ፎቶግራፍ እንደሚያገለግል አሳየ። ከዚያ ጀምሮ ሐኪሙ ሆድ ሳይከፍት፥ ኩላሊቱ ማበጡን፥ ቧንቧው የት እንደ ተዘጋና ሽንቱ በየት በኩል እንደሚፈስስ በፎቶግራፍ ላይ ለማንበብ ቻለ። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን በኋላ መጥተው ይህን ንባብ አጠሩት።

በ1955 አሜሪካዊው ዊላርድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ያበጠውን ኩላሊት በጀርባ በኩል በመርፌ ወግቶ ቱቦ በማስገባት ሽንቱን ወደ ውጭ ማስወጣትን አስተማሩ፤ በዚህም በመሞት ላይ ያለ ኩላሊት የመጠገኛው ቀን እስኪደርስ በሕይወት ይቈያል። በ1978 ደግሞ ሁለት ጫፎቹ የተጠማዘዙ፥ አንዱ በኩላሊት ሌላው በፊኛ ውስጥ የሚቀመጥ፥ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ወጣ፤ የደቀቀ ወይም በከፊል የተቀደደ ቧንቧ በዚህ ላይ ተደግፎ ያለ ሌላ ቀዶ ጥገና የሚድንበት ጊዜ አለ። በ1988 በአሜሪካ ሃሪ ራይክ በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ላፓሮስኮፕ በተባለ የሆድ መመልከቻ ማኅፀንን ማውጣት ጀመረ፤ ጠባሳውና ሕመሙ አነሰ፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሙቀት በአጠገቡ ያለውን ቧንቧ ሲያቃጥለው ቃጠሎው በዚያው ዕለት ላይታይ፥ ከቀናት በኋላ ግን ቧንቧው ሊቀደድ እንደሚችል ሐኪሞች ተማሩ።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ሥርዐት ዛሬ እንዲህ ነው። ነቀርሳ ለሌለባት ሴት በሚደረግ ቀዶ ጥገና ይህ ጉዳት የሚደርሰው ከመቶ ሴቶች በአንዷ ወይም ከዚያም ባነሰ ቍጥር ነው፤ ነገር ግን ከሚደርሰው ጉዳት የሚበዛው በቀዶ ጥገናው ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል። በዚያው ሰዓት የታወቀ እንደ ሆነ ግን ክሩ ይፈታል፥ የደቀቀው በስቴንት ይደገፋል፥ የተቈረጠው ይሰፋል ወይም በፊኛ ላይ ይተከላል፤ ሴቲቱም ኩላሊቷ ደኅና ሆኖ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዘግይቶ ከታወቀ አስቀድሞ ኩላሊቱን ማስተንፈስ፥ ምርቀዛውንም በመድኃኒት ማጥፋት ያስፈልጋል። ቀድሞ ቍስሉ ይብረድ ተብሎ ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ልማድ ነበረ፤ አሁን ግን ምርቀዛ ከሌለ ብዙ ሐኪሞች ፈጥነው ይጠግናሉ፤ ያ ሦስት ወር ለሴቲቱ ሽንት እየፈሰሰባት የምትኖርበት ዘመን መሆኑን ማሰብ ጀምረዋልና።

ይህ ታሪክ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነት ሙያ ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በነቀምት በወሊድ ምክንያት ሕይወታቸው አልፎ፥ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተሠራ። በ1959 ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካተሪን ሃምሊን ለማገልገል ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ፤ በምጥ ብዛት ፊኛቸው የተቀደደ ሴቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርና በበቅሎ እየመጡ በደጃፉ ሲቀመጡ ባዩ ጊዜም ልባቸው ስለ ተነካ፥ በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ከምጥ የሚመጣው ፊስቱላ ዋናው ሥራቸው ቢሆንም፥ የዩሬተር ፊስቱላ የያዛቸውም ሴቶች ከመካከላቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም ቀናት በፈጀ ምጥ ማኅፀኗ ለተቀደደ እናት፥ ደሟን ለማቆም ሌሊት በችኰላ ማኅፀኗን የሚያወጣ ሐኪም፥ ቧንቧውን ለማየት የሚበቃ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያገኝም።

የሁለቱን ፊስቱላዎች ልዩነት ለማወቅ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ቻሳር ሞይር ያስተማሩት ምርመራ ብዙ መሣሪያ ለሌለው ሆስፒታል እጅግ ይስማማል። ሦስት የጥጥ ጥቅሎች በሴቲቱ ብልት ውስጥ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ፊኛዋ ሰማያዊ ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ ይሞላል፤ ጥቂት ከተራመደች በኋላም ጥጦቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው በፊኛ ላይ ነው፤ ጥጡ ርሶ ነጭ ሆኖ ከወጣ ግን ያረሰው ሽንት ፊኛን ሳይነካ በቀጥታ ከቧንቧው የመጣ ነው። ጥጥ፥ ውሃና ቀለም ብቻ በመያዝ የሚደረገው ይህ ምርመራ፥ ብዙ ሴት ያለ ጥቅም ፊኛዋ እንዳይቀደድ አድኗል።

ስለዚህ ማኅፀን የሚያወጡ ሐኪሞቻችን፥ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ሁለቱን ቧንቧዎች ማየትን የሥራቸው ፍጻሜ አድርገው እንዲይዙት፥ ጉዳት ባዩ ጊዜም ያለ ኀፍረት ከሚበልጣቸው ባለሙያ ጋር ተማክረው እንዲያቀኑት፥ ለሴቲቱና ለቤተ ሰቧም የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ እንዲነግሩ እለምናለሁ፤ ጉዳቱ በብልህ እጅ ላይም ይደርሳልና መድረሱ ብቻ ነውር አይሆንም፥ ተሸሽጎ መቅረቱ ግን ነውር ነው። ባሎች፥ እናቶችና እኅቶች ደግሞ፥ ማኅፀኗን ያወጣች ሴት ጐኔን ወጋኝ፥ ትኵሳት አለብኝ፥ ሆዴ ተነፋ፥ ወይም ውሃ ይፈስሰኛል ባለች ጊዜ፥ የቍስል ሕመም ነው ይበርዳል ብለው አያሳድሯት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ። በዚህ ሕመም ላይ ኩላሊትን የሚያድነው ቶሎ መታወቁ ነው።